የመርከቡ ቅርጽ ከሥራው ይወለዳል፤ ስለ ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መርከቦች ያለፈ ታሪክና የወደፊት ክርክር

መግቢያ

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን እንደገና ማቋቋም እንዳለባት ከተናገሩ ወዲህ ነገሩ በጋዜጣም በጉባኤም ሲያከራክር ቆይቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ባሕር ኃይልን ከሠራዊቱ ክፍሎች አንዱ አድርጎ አስገብቶታል፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን አዲስ አበባ በመጡ ጊዜም ፈረንሳይ ባሕር ኃይሉን ለማቋቋም የምትረዳበት ስምምነት ተፈረመ። ይሁን እንጂ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የቆመው «ወደብ የሌለው አገር መርከብ ምን ያደርግለታል?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእርሱ ጋር አብሮ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ ተዘንግቷል፤ ይኸውም «መርከቡ የሚፈለገው ለየትኛው ሥራ ነው? ለዚያስ ሥራ ምን ዓይነት መርከብ ይስማማል?» የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ በታሪክ መመርመር ነው። የሚደርስበትም ፍርድ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኢትዮጵያ በልዩ ልዩ ዘመን የጦር መርከቦች ነበሯት፤ ነገር ግን የመርከቦቹን ዓይነት የወሰነው በብዛት አገሪቱ የነበረባት ሥራ ሳይሆን ሰጪው አገር በእጁ የነበረው ዕቃ ነው። ይህ ልማድ ካልተለወጠ የሚመጣውም ባሕር ኃይል የአለፈውን ዕጣ ሊያገኝ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

ባሕሩ ለደጋ ሰው ምኑ ነው?

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አገሩ ሉማሜ ነው። ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የአዋበል ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ሰው በአካባቢው ውኃ ሲያነሣ የሚያነሣው ዓባይን እንጂ ባሕርን አይደለም። ስለዚህ «ከጤፍና ከስንዴ አገር የመጣ ተማሪ ስለ ጦር መርከብ ምን አገባው?» የሚል ሰው ቢኖር አያስደንቅም።

መልሱ በሩቁም በቅርቡም ታሪክ ውስጥ አለ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ወዲያና ወዲህ ያሉት ነጋዴዎች የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ ነበር። ከማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ፣ በዘመኑም ክፉ ልማድ እንደ ሸቀጥ ይሸጥ የነበረው ባሪያ ጭምር፣ በአሞሌና በጨርቅ ይለወጥ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ዕቃውን ጭኖ በጎንደር በኩል አድርጎ እስከ ምጽዋ ይዘልቅ ነበር። እንግዲህ በምጽዋ የተጣለ ቀረጥ በባሶ ገበያ ላይ ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

ዛሬም ነገሩ በመልኩ እንጂ በባሕርዩ አልተለወጠም። የጎጃም ገበሬ በክረምት በማሳው ላይ የሚበትነው ዳፕና ዩሪያ የሚመጣው በመርከብ ነው፤ ነዳጁም እንዲሁ። ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ የሚበልጠው በጅቡቲ ወደብ በኩል ያልፋል። ከ2023 ኅዳር ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር የሚያልፉትን የንግድ መርከቦች በሚሳይልና በድሮን መምታት በጀመሩ ጊዜ ብዙ ኩባንያዎች መርከቦቻቸውን በደቡብ አፍሪካ በኩል አዙረዋል፤ የጭነትና የመድን ዋጋም ተወዷል። ስለዚህ የባሕሩ ጉዳይ ባሕሩን አይቶ የማያውቀውንም ገበሬ ይነካል።

ሥራውና ቅርጹ

የጦር መርከብ ሥራ በአራት ሊከፈል ይችላል። አንደኛው የራስን ጠረፍ መጠበቅ ነው፤ ይኸውም ኮንትሮባንድን፣ የዓሣ ሌባንና የጦር መሣሪያ አስተላላፊን መያዝ ነው። ሁለተኛው የንግድ መርከቦችን በረጅም መንገድ ላይ መጠበቅ ነው። ሦስተኛው ከሌላ አገር ባሕር ኃይል ጋር መዋጋት ነው። አራተኛው ሰንደቅ ዓላማን በውጭ ወደቦች ማሳየትና መኮንኖችን ማሠልጠን ነው። እነዚህ አራት ሥራዎች አንድ ዓይነት መርከብ አይጠይቁም።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት መርከብን እንደ ሲራራ ነጋዴ በቅሎ ማሰብ ይጠቅማል። በቅሎ የምትችለው ሸክም የተወሰነ ነው። ነጋዴው ለመንገድ የሚሆናትን ገብስ ቢያበዛ አሞሌው ይቀንሳል፤ አሞሌውን ቢያበዛ ገብሱ ይቀንሳል፤ ፈጥና እንድትሄድለት ቢሻ ደግሞ ከሁለቱም መቀነስ አለበት። መርከብም እንዲሁ ነው። የቀፎው መጠን ከተወሰነ በኋላ ነዳጅ፣ ሞተር፣ መሣሪያና የሰው መኖሪያ ቦታውን እየተሻሙ ይካፈሉታል። በፍጥነቱ የሚመካ ጀልባ ሩቅ አይሄድም፤ ማዕበልም አይችልም። ሩቅ የሚሄድ መርከብ ሰፊና ከባድ ስለሆነ በደሴቶች መካከል ባለ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ እንደ ልቡ አይመላለስም። ከመቶ በላይ ደሴቶች ባሉበት በዳህላክ አካባቢ ይህ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። እንግዲህ ሁሉን የሚችል መርከብ የለም፤ ያለው ለአንድ ሥራ የታሰበና ለሌላው የሚብቃቃ መርከብ ነው።

ከካሌብ እስከ ዮሐንስ፤ የተውሶ መርከብ

የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ በ525 ገደማ ጦሩን ወደ የመን ባሻገረ ጊዜ መርከቦቹ የተሰበሰቡት በአዱሊስ ወደብ ነበር። በግሪክኛ የተጻፈው የሒሩት ሰማዕትነት ታሪክ እንደሚነግረን ከመርከቦቹ 60ዎቹ ከልዩ ልዩ የቀይ ባሕር ወደቦችና ከሕንድ የመጡ የነጋዴዎች መርከቦች ሲሆኑ፣ ንጉሡ ራሱ ያሠራቸው 10 ብቻ ነበሩ። ፕሮኮፒዮስ የተባለው የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ደግሞ በዚያ ባሕር ላይ የሚሄዱት መርከቦች ሳንቃቸው በገመድ የተሰፋ እንጂ በብረት ምስማር የተመታ እንዳልነበረ ጽፏል። ለካሌብ ሥራ ይህ በቂ ነበር፤ ሥራው ሠራዊትን ጠባብ ባሕር ማሻገር ነበርና የጭነት መርከብ ይስማማዋል። የካሌብ ብልሃት ሥራውን አስቀድሞ ማወቁ ነው። ድካሙ ግን ከሰባት እጅ ስድስቱ የሰው ንብረት መሆኑ ነበር። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንደሚባለው፣ በተውሶ መርከብ አንድ ዘመቻ ማካሄድ ይቻላል፤ ባሕርን መያዝ ግን አይቻልም።

ከዚያ በኋላ ባለው ረጅም ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ባሕሩን የሚያዩት በሌላው መርከብ ነበር። በ1541 በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የሚመሩት 400 ፖርቱጋሎች ምጽዋ የወረዱት በፖርቱጋል መርከቦች ነው፤ በ1557 ቱርኮች ምጽዋን ሲይዙም የሚገታቸው የኢትዮጵያ መርከብ አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1884 ከእንግሊዝ ጋር በዐድዋ በተዋዋሉት ውል ምጽዋ ለኢትዮጵያ ንግድ ነፃ መተላለፊያ እንድትሆን አስፈርመው ነበር። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ በ1885 መጀመሪያ የኢጣልያ ወታደሮች ከመርከብ ወርደው ምጽዋን ያዙ። በወረቀት የተገኘ ወደብ የሚጠብቀው ከሌለ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ይህ ታሪክ ያሳያል።

ከኢጣልያ መርከቦች የሚገኝ ትምህርት

የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል ታሪክ የሚያጠና ሰው በምጽዋ ከእርሱ በፊት የነበረውን የኢጣልያ ባሕር ኃይል ሊዘነጋ አይገባውም። ኢጣልያ በሰኔ 1940 ወደ ጦርነቱ ስትገባ በምጽዋ 7 አውዳሚ መርከቦችና 8 ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት። ይህ በወረቀት ላይ ታላቅ ኃይል ነው። ነገር ግን የስዊዝ ቦይ በእንግሊዝ እጅ ስለነበረ ነዳጅና መለዋወጫ ከአገራቸው ሊመጣላቸው አልቻለም። ከዚህም በላይ የቀይ ባሕር ሙቀት ራሱ ጠላት ሆነባቸው። ማካሌ የተባለው ባሕር ሰርጓጅ (ስሙ ከእኛው መቀሌ የተወሰደ ነው) የማቀዝቀዣው መርዘኛ ጋዝ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ መርከበኞቹን ስለመረዛቸው፣ ጦርነቱ በተጀመረ በሳምንቱ ከፖርት ሱዳን ባሻገር ከደሴት ጋር ተጋጭቶ ጠፋ። ለአንድ ባሕር የተሠራ ዕቃ ለሌላ ባሕር እንደማይስማማ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

መጨረሻውም የሚያስተውሉት ነው። ምጽዋ የወደቀችው በባሕር ውጊያ አልነበረም። መጋቢት 1941 ከረን በተሸነፈች ጊዜ የምጽዋ ዕድል አብሮ ተቆረጠ፤ በሚያዝያ መጀመሪያ እንግሊዞች በየብስ መጥተው ያዟት። ከባሕር ሰርጓጆቹ አራቱ አፍሪካን ዞረው ፈረንሳይ ለመድረስ ቻሉ፤ በወደቡ የቀሩትን መርከቦች ኢጣልያኖች በገዛ እጃቸው አሰጠሟቸው። ይህ በ1941 የሆነው ነገር ከ49 ዓመት በኋላ በእኛው ላይ ሊደገም ነበር።

የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል

በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደች ጊዜ አገሪቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ጠረፍ አገኘች። በ1953 ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ተፈረመ፤ በ1955 የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ተቋቋመ፤ በተከታዩም ዓመት የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተከፈተ። ለማደራጀትና ለማሠልጠን የኖርዌይ መኮንኖች ተቀጠሩ፤ ጡረታ የወጡ እንግሊዞችም ነበሩበት። የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ልዑል እስክንድር ደስታ በምክትል አዛዥነት መሩት። ከእጩ መኮንኖች ጥቂቶቹ ወደ ኢጣልያና ወደ አሜሪካ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤቶች ይላኩ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከትልቁ መርከብ ቀድሞ መምጣቱ ሊመሰገን የሚገባው ነገር ነው።

የመርከቦቹን ዓይነት ስናይ ሁለት ወገን እናገኛለን። አንደኛው ወገን ከአሜሪካ የመጡት፣ ርዝመታቸው 29 ሜትር ያህል የሆነ የጥበቃ ጀልባዎች ናቸው። እነዚህ ለጠረፍ ጥበቃ የታሰቡ ስለነበሩ ሥራና ቅርጽ የተገናኙባቸው ነበሩ። ሁለተኛው በጥር 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ በውሰት የተሰጠው «ኢትዮጵያ» የተባለው መርከብ ነው። ይህ መርከብ በ1944 ኦርካ በሚል ስም ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ያገለገለ፣ ርዝመቱ 95 ሜትር ያህል የሆነ፣ በፓሲፊክ ጦርነት ጊዜ በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ለመመገብና ለመጠገን የተሠራ ነበር። ኢትዮጵያ በባሕር ላይ የሚያርፍ የጦር አውሮፕላን አልነበራትም፤ መርከቡ የተሠራለት ሥራ ለእኛ አልነበረም ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት «የክብር ጌጥ ብቻ ነበር» የሚሉ አሉ። ይህ ፍርድ ግን ሙሉ አይመስልም። መርከቡ ለአውሮፕላን ሠራተኞች የታሰበ ሰፊ የመኖሪያ ክፍልና የጥገና ቦታ ስለነበረው ለእጩ መኮንኖች ተንሳፋፊ ትምህርት ቤት ለመሆን ተስማማ፤ ሞተሩ ናፍጣ የሚጠቀምና ለረጅም ጉዞ የተዘጋጀ ስለነበር ሰንደቅ ዓላማን በሩቅ ወደብ ለማሳየት ተቻለ። በምጽዋ ይከበር በነበረው የባሕር ኃይል ቀንም የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት የጦር መርከቦች በእንግድነት ሲመጡ ከእነርሱ ጎን የቆመው እርሱ ነበር። ስለዚህ ለአራተኛው ሥራ ማለት ለማሠልጠንና ለማሳየት ደኅና መርከብ ነበር፤ ለሌሎቹ ሦስት ሥራዎች ግን አልነበረም። ጉድለቱ በመርከቡ ላይ ሳይሆን በአመራረጡ ላይ ነው፤ ከሰጪው ግምጃ ቤት የተገኘው መጀመሪያ ተወሰደ፣ ሥራው በኋላ ተፈለገለት።

ሚሳይል የያዙት ጀልባዎችና የማይኖረው ባሕር ሰርጓጅ

በ1967 ዓ.ም. በኅዳር ወር ልዑል እስክንድር ከሌሎች ባለሥልጣኖች ጋር ተገደሉ። ደርግ በ1977 ከአሜሪካ ጋር ተለያይቶ ወደ ሶቪየት ኅብረት በዞረ ጊዜ የባሕር ኃይሉም ዕቃ አብሮ ተለወጠ። ሚሳይል የሚተኩሱ ኦሳ የተባሉ ፈጣን ጀልባዎች፣ ቶርፔዶ የያዙ ጀልባዎች፣ ጦርና ታንክ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚያራግፉ መርከቦች፣ በ1983 እና በ1984 ደግሞ ፔትያ የሚባሉ ሁለት ፍሪጌቶች መጡ። ሶቪየቶችም በዳህላክ ደሴቶች ውስጥ በኖኩራ ለራሳቸው መርከቦች ጣቢያና ተንሳፋፊ መጠገኛ አቋቋሙ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የፔትያ መርከብ የተነደፈው ከሁሉ በፊት የጠላት ባሕር ሰርጓጅ ለማደን ነው፤ ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያው፣ በውኃ ውስጥ የሚፈነዳው ሮኬቱና ቶርፔዶው ሁሉ ለዚሁ ነው። የኦሳ ጀልባም አራት ትልልቅ ሚሳይሎች የሚይዘው በሩቅ ያለ ትልቅ መርከብ ለመምታት ነው። መንግሥቱ በቀይ ባሕር ይዋጋው የነበረው የሕዝባዊ ግንባር ሓርነት ኤርትራ ግን ባሕር ሰርጓጅም ትልቅ መርከብም አልነበረውም። የነበሩት በሌሊት ዕቃና ሰው የሚያጓጉዙ የእንጨት ሳምቡኮችና መትረየስ የተጠመደባቸው ትንንሽ ፈጣን ጀልባዎች ነበሩ። ለብረት መርከብ የታሰበ ሚሳይል በውኃ ላይ ዝቅ ብሎ የሚሄድ ትንሽ ጀልባን ለመምታት አይመችም፤ ዋጋውም ከሚመታው ዕቃ ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

በእርግጥ ባሕር ኃይሉ በዚያ ጦርነት ሥራ አልፈታም። በ1977 መጨረሻ ምጽዋ በተከበበች ጊዜ ወደቧ ሳይያዝ የቆየው በመርከብ መድፍና በባሕር በሚመጣው ስንቅ ጭምር ነው። ነገር ግን በዚያ ሥራ የጠቀሙት መድፍ የያዘውና ጭነት የሚያመላልሰው መርከብ እንጂ ሚሳይሉ አልነበረም። ሶቪየት ኅብረት ለራሷ ባሕሮች ያሰበችውን ዕቃ ሰጠች፤ እኛም ተቀበልን። አሜሪካ በ1962 ያደረገችው ይኸው ነው። ሰጪው ተለወጠ፣ ልማዱ አልተለወጠም።

መጨረሻው

በመጋቢት 1988 አፍአበት ላይ የነበረው ሠራዊት ከተሸነፈ በኋላ የምጽዋ ጀርባ ተጋለጠ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ግንባሩ በየብስ በብዙ ጦር፣ በባሕርም በትንንሽ ጀልባዎቹ መጥቶ ምጽዋን ያዘ። በግንቦት 1991 አሰብም ስትያዝ መንሳፈፍ የቻሉት መርከቦች «ኢትዮጵያ»ን ጨምሮ ወደ የመን ሸሹ። መርከበኞቹ ስደተኞች ሆኑ። በ1993 የመን መርከቦቹ ከወደቧ እንዲወጡ አደረገች፤ መሄድ የቻሉት ወደ ጅቡቲ ተዛወሩ። አንጋፋው «ኢትዮጵያ» በዚያው ዓመት ለብረታ ብረት ተሸጠ። ጅቡቲም በ1996 የወደብ ዕዳ ያልተከፈለባቸውን የቀሩትን መርከቦች ይዛ በሐራጅ ሸጠቻቸው። በ1955 የተጀመረው ባሕር ኃይል በመድፍ ሳይሆን በሐራጅ መዶሻ ተፈጸመ።

ከዚህ ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛ፣ በምጽዋ በ1941ም በ1990ም የመርከቦቹን ዕድል የወሰነው በየብስ ያለው መንገድ ነው፤ ደጀኑ ያልተጠበቀ ወደብ ለመርከቡ ወጥመድ ነው። ሁለተኛ፣ መርከብ በሰው ወደብ ሲጠጋ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚወስነው መልሕቅ የጣለበት አገር ነው።

ትልቅ ወይስ ትንሽ? የዓለም ክርክር

ትልቅ መርከብ ይሻላል ወይስ ብዙ ትንንሽ የሚለው ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። በ1880ዎቹ በፈረንሳይ አድሚራል ኦብና ተከታዮቹ ርካሽ የቶርፔዶ ጀልባዎች ውድ የሆኑትን የብረት መርከቦች ያጠፏቸዋል ብለው አስተማሩ። በ1890 አሜሪካዊው መኮንን ማሃን ደግሞ ባሕርን የሚይዘው በአንድነት የሚዋጋ የትልልቅ መርከቦች ጭፍራ ነው ሲል ስመ ጥር መጽሐፉን አሳተመ። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የማሃን ወገን ያሸነፈ መሰለ። ነገር ግን በጥቅምት 1967 የግብፅ ትንንሽ ጀልባዎች ከፖርት ሰይድ በተኮሱት ሚሳይል ኤይላት የተባለውን የእስራኤል አውዳሚ መርከብ ባሰጠሙ ጊዜ ክርክሩ እንደገና ተነሣ። በ2022 ዩክሬን ከየብስ በተተኮሰ ሚሳይል ሞስክቫ የተባለውን የሩሲያ መርከብ አሰጠመች፤ ከዚያም ሰው በሌለባቸው ጀልባዎች የሩሲያን የጥቁር ባሕር ጭፍራ አስጨነቀች።

ይህን አይቶ «እንግዲህ የትልቅ መርከብ ዘመን አለፈ» ማለት ችኮላ ነው። ግብፅም ዩክሬንም ያጠቁት ከራሳቸው ጠረፍ ሆነው ነው። ትንሽ ጀልባና ሚሳይል የራስ ጠረፍ ላለው አገር ጥሩ መከላከያ ናቸው፤ ጠረፍ ለሌለው ግን መነሻቸው ከየት ይሆናል? በአንጻሩ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ አውሮፓውያን በሶማሊያ ዳርቻ የባሕር ወንበዴዎችን ሲጠብቁ የተጠቀሙባቸው ሳምንታት በባሕር ላይ የሚቆዩ፣ ሄሊኮፕተር የሚይዙ መርከቦችን ነው። ይህ የሚያሳየው መልሱ «ትልቅ» ወይም «ትንሽ» ሳይሆን «ለምን?» በሚለው ላይ የተመሠረተ መሆኑን ነው።

የዛሬው ክርክር በኢትዮጵያ

ዛሬ የሚሰሙትን አስተያየቶች በሦስት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው ወገን ወደብ ሳይኖር ባሕር ኃይል ማሰብ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው ይላል። ይህ አስተያየት ክብደት አለው፤ ኤርትራ በ1993 ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ጠረፍ የለንም፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድም ብዙ ውዝግብ አስነሥቶ በዓመቱ ከሶማሊያ ጋር በአንካራ ሌላ ስምምነት አስከትሏል። ሆኖም ወገኑ የሚዘነጋው ነገር አለ። በ1921 በባርሴሎና የወጣው መግለጫ ጠረፍ የሌላቸው አገሮች በመርከብ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን የመስቀል መብት እንዳላቸው አረጋግጧል። በ1964 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት ድርጅትም ስሙ ቢለወጥም እስከ ዛሬ የንግድ መርከቦች አሉት፤ እነዚህ መርከቦች የአገር ንብረት ናቸው። ቦሊቪያም ጠረፏን በ19ኛው ምዕተ ዓመት ለቺሊ ካጣች በኋላ በቲቲካካ ሐይቅና በወንዞቿ ላይ የሚሠራ ባሕር ኃይል ይዛለች።

ሁለተኛው ወገን ታላቅ አገር ታላቅ መርከብ ያስፈልጋታል፣ ፍሪጌት ይገዛ ይላል። ፍሪጌት ሁሉንም ሥራ በመጠኑ ይሠራል፤ ነገር ግን ጥገናው የራስ መጠገኛ፣ የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ባለሙያና የማያቋርጥ የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል። እነዚህ ሳይኖሩ የተገዛ ፍሪጌት የሻጩ እስረኛ ይሆናል። ሦስተኛው ወገን ደግሞ ርካሽ የሆኑትን ፈጣን ጀልባዎችና ድሮኖች ይመርጣል። ከላይ እንደተባለው ይህ ጠረፍ ላለው አገር እንጂ በሰው ወደብ ለሚጠጋ አገር የሚስማማ አይደለም፤ አጥቂ ጀልባዎች በወደቡ እንዲሰፍሩ የሚፈቅድ አስተናጋጅም ብዙ አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አስተያየት ከሦስቱም ይለያል። ኢትዮጵያ ዛሬ በባሕር ላይ ያላት እውነተኛ ሥራ ሁለተኛውና አራተኛው ነው፤ ይኸውም የንግድ መንገዷን ከሌሎች ጋር ሆኖ መጠበቅና ሰው ማሠልጠን ነው። ለዚህ የሚስማማው መጠኑ መካከለኛ፣ በናፍጣ የሚሄድ፣ ፍጥነቱ ልከኛ ሆኖ ሳምንታት በባሕር የሚቆይ፣ አነስተኛ መድፍና የሄሊኮፕተር ማረፊያ ያለው የጥበቃ መርከብ ነው። እንዲህ ያለው መርከብ ሞተሩ ከንግድ መርከብ ሞተር ብዙ ስለማይለይ በማንኛውም ወደብ ሊጠገን ይችላል፤ በጦርነት ጊዜ ከፍሪጌት ያነሰ መሆኑ ግን አይካድም። አስተናጋጅ አገርን የማያስፈራ መሆኑም ራሱ ጥቅም ነው።

ማጠቃለያ

ከታሪኩ የሚገኙት ትምህርቶች የሚከተሉት ናቸው።

1. ሥራው በጽሑፍ ሳይወሰን መርከብ መቀበልም መግዛትም አይገባም። «ኢትዮጵያ»ም ፔትያዎቹም የመጡት በተቃራኒው መንገድ ነው።

2. ሰውና መጠገኛ ከመርከብ ይቅደሙ። የ1956ቱ ኮሌጅ የቀድሞው ባሕር ኃይል ከሁሉ የተሻለ ሥራ ነበር። ዛሬም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማሪታይም አካዳሚ ለንግድ መርከቦች መሐንዲሶችን ያሠለጥናል፤ መሠረቱ ከዚያ ሊጀመር ይችላል።

3. የመርከቦቹ ዓይነት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይሁን። ከአሜሪካም ከሶቪየትም የተሰባሰበ ጭፍራ መለዋወጫውም መካኒኩም ልዩ ልዩ ነው።

4. ከአስተናጋጅ አገር ጋር የሚደረገው ውል ስለ ነዳጅ፣ ስለ ጥገና፣ ስለ ዕዳና ስለ መርከቡ ባለቤትነት በግልጽ ይናገር። የ1993ና የ1996 ታሪክ አይደገም።

5. ከወደቡ ወደ መሀል አገር የሚመጣው መንገድ የባሕር ኃይሉ አካል ተደርጎ ይታሰብ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። አገር ባሕር ኃይልን በአንድ የደስታ ሰሞን አታቋቁምም። የቀድሞው ባሕር ኃይል መኮንኖችና መርከበኞች ብዙዎቹ አርጅተዋል፤ የትኛው ሞተር በሙቀት እንደሚቆም፣ የትኛው ጀልባ በዳህላክ መካከል እንደሚያልፍ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የታሪክ ክፍል ባልደረቦቻችን እነዚህን አባቶች ፈልገው ቃላቸውን ቢጽፉ፣ አዲሱን መርከብ ለሚነድፈው መሐንዲስ ከማንኛውም የሻጭ መጽሔት የበለጠ ይጠቅመዋል። ይህም ሥራ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም።